የጀልባ ሬዲዮ፦ ሥራውን አዲስ አበባ ጨርሳችሁ ወደ ሐይቁ ውረዱ

ቪኤችኤፍ ሬዲዮ፣ ማለትም ጀልባ ከየብስና ከሌላ ጀልባ ጋር የሚነጋገርበትን ሬዲዮ፣ ገዝተው ሐይቅ ከወረዱ ሰዎች የሚደርሰኝ ስልክ አንድ ዓይነት ነው። «ይበራል፣ ያወራል፣ ግን ማንም አይሰማኝም።» ሁለት ሦስት ጥያቄ ስጠይቅ ችግሩ እዚሁ አዲስ አበባ የተጀመረ ሆኖ ይገኛል። ኬብሉ የዲሽ ነው። ፕለጉ፣ ማለትም የኬብሉ ጫፍ መሰኪያ፣ በናስትሮ ቴፕ ተጠቅልሏል። ሽቦው ቀጭን ነው። ሐይቁ ዳር ደግሞ ካውያ (መበየጃው) የለም፣ ስታኞ (ቀልጦ የሚበይደው) የለም፣ መለዋወጫ የለም።

እኔም ተቀጥቼበታለሁ። አንዴ የወዳጄ ጀልባ ላይ ልገጥም 160 ኪሎ ሜትር ነድቼ ዝዋይ ወረድኩ። ኬብሉን በጀልባዋ ጎን ሳሳልፍ ፕለጉ ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ሻጩ «የተበየደ ነው» ብሎኝ ነበር። ስከፍተው ስታኞ የሚባል ነገር ጫፉንም አልነካውም። አሳ በልቼ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ሥራውን ሁሉ ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ ነው የምጨርሰው። ለሐይቁ የማስቀረው መብሳት፣ ማሰርና መሞከር ብቻ ነው። እናንተም በዚሁ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ደረጃ 1፦ ፈቃዱ ከዕቃው ይቅደም

ሬዲዮ አስተላላፊ እንደ ስልክ ገዝተው የሚከፍቱት ዕቃ አይደለም። ፍሪኩዌንሲ የሚፈቅደው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መጀመሪያ እዚያ ሂዱ።

1. ማመልከቻውን ለሁለት ሬዲዮ አቅርቡ፤ አንዱ ለጀልባዋ፣ አንዱ ለየብስ። ለምን ሁለት እንደሆነ ደረጃ 2 ላይ ታገኙታላችሁ።
2. የተፈቀደላችሁን ቻናልና የጥሪ ስም በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል የተነገረ ቻናል አትያዙ።
3. ሬዲዮው ዲኤስሲ (በአንድ ቁልፍ የጭንቅ ጥሪ በዲጂታል የሚልክ) ያለው ከሆነ ኤምኤምኤስአይ የሚባለውን ባለ 9 አሃዝ መለያ ቁጥርም ጠይቁ። የኢትዮጵያ ጀልባ ቁጥር በ624 ይጀምራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «በሻንጣህ ጣል አድርግልኝ» አትበሉ። ቦሌ ላይ ሊያዝበት ይችላል፤ መከራውን የሚያየው እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ሌላኛው ጫፍ ላይ ማን አለ?

ይህን ጥያቄ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። ባሕር ላይ ቻናል 16ን፣ ማለትም 156.800 ሜጋኸርዝን፣ መርከቦችና የወደብ ጣቢያዎች ቀን ከሌት ያዳምጡታል። የእኛ ሐይቆች ላይ ግን እናንተ ራሳችሁ ሰው ካላስቀመጣችሁ በ16 ብትጮኹ የሚመልስላችሁ ጉማሬ ነው። ስለዚህ አንድ ሬዲዮ ጀልባዋ ላይ፣ አንድ ሬዲዮ ጀልባዋ የምትነሳበት ቦታ፣ ከአጠገቡ ደግሞ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል። ዘበኛውም ይሁን ትኬት ሻጩ፣ ሰው ይኑር።

ርቀቱን አሁኑኑ አስሉት። ቪኤችኤፍ እንደ ዓይን ነው፤ የማያየው ጋ አይደርስም። የሁለቱን አንቴናዎች ከፍታ በሜትር ውሰዱ። የእያንዳንዱን ስኩዌር ሩት አውጥታችሁ ደምሩና በ4.12 አባዙ፤ የሚወጣው ኪሎ ሜትር ነው። የጀልባዋ አንቴና ጫፍ ከውኃው 4 ሜትር፣ የየብሱ 9 ሜትር ከሆነ 2 ሲደመር 3፣ 5 ነው። 5 ሲባዛ በ4.12፣ ወደ 20 ኪሎ ሜትር። ሐዋሳ ሐይቅ ርዝመቱ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ይበቃዋል። ዝዋይ 30 ገደማ ነው፤ ከጫፍ ጫፍ አይደርስም። ጣና ከ80 በላይ ስለሆነ በአንድ የየብስ ጣቢያ አትሞክሩት።

ከሒሳቡ እንደምታዩት ከዋት ይልቅ ከፍታ ነው የሚጠቅማችሁ። ገንዘባችሁን የብሱ ላይ ለሚቆመው ምሰሶ አውሉት።

ደረጃ 3፦ ግዢ

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

• ቋሚ የጀልባ ቪኤችኤፍ ሬዲዮ፣ 25 ዋት፣ ወደ 1 ዋት ዝቅ የሚል።
• የጀልባ ቪኤችኤፍ አንቴና። ለትንሽ ጀልባ 1 ሜትር ገደማ የሆነው ባለ 3 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የጉልበት ጭማሪ ወይም ቅናሽ መለኪያ) ይሻላል። ረጅሙ ባለ 6 ዲቢ ጉልበቱን ጠበብ አድርጎ ስለሚልክ ጀልባዋ ስትወዛወዝ ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል።
• ባለ 50 ኦም ኬብል፣ ከሚያስፈልጋችሁ ርዝመት 1 ሜትር ጨምራችሁ።
• ፒኤል 259 ፕለግ፣ ቢያንስ 4። ሁለቱ ይበላሻሉ፤ እመኑኝ።
• 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ለስላሳ ሽቦ፣ ቀይና ጥቁር።
• የፊውዝ ቤትና ፊውዝ። መጠኑን ከሬዲዮው መመሪያ ውሰዱ፤ አብዛኛውን ጊዜ 10 አምፔር ነው።
• ባለ 50 ኦም ዳሚ ሎድ፣ 25 ዋትና ከዚያ በላይ የሚችል። አንቴናን ተክቶ ጉልበቱን ወደ ሙቀት የሚቀይር ዕቃ ነው።
• መልቲሜትርና ኤስ ደብልዩ አር ሜትር (ከአንቴናው በኩል ወደ ሬዲዮው የሚመለሰውን ጉልበት የሚያሳይ)። ሁለተኛውን ከሰው ተዋሱ። የምትዋሱት ሜትር በ156 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚለካ መሆኑን አረጋግጡ።

የመኪና አንቴና አትግዙ። የመኪና አንቴና ከሥሩ ሰፊ ብረት ይፈልጋል፤ ፋይበር ጀልባ ላይ ብረት የለም። የጀልባው አንቴና ይህን ታስቦ ነው የተሠራው።

ስለ ኬብሉ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። መርካቶ ገብታችሁ «የአንቴና ኬብል» ካላችሁ የሚወጣላችሁ የዲሽ ኬብል ነው። «ኦሪጅናል ነው» ይባላል። ለዲሽ ኦሪጅናል ሊሆን ይችላል። ግን 75 ኦም ነው፤ ሬዲዮው የሚፈልገው 50። ከዚህ የባሰው ደግሞ የብዙዎቹ ሹሩባ፣ ማለትም በመሐሉ ሽቦ ዙሪያ የተጎነጎነው ሽቦ፣ አሉሚኒየም መሆኑ ነው፤ አሉሚኒየም ስታኞ አይቀበልም። የመሐሉም ሽቦ ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ላጩና እዩት። ጫፉን በቢላ ፋቅ ስታደርጉት ነጭ ከሆነ መልሱት። ማግኔት ከያዘውም መልሱት።

ላዩ ላይ አርጂ 58፣ አርጂ 8ኤክስ ወይም አርጂ 213 የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ። ቀጭኑ አርጂ 58 በ10 ሜትር ወደ 2 ዲቢ ይበላል፤ ከ25 ዋት አንቴናው ጋ የሚደርሰው 16 ገደማ ነው። ወፍራሙ አርጂ 213 ግማሹን እንኳ አይበላም። ከ5 ሜትር በታች ለሆነ ጀልባ 58 ይበቃል። ለየብሱ ምሰሶ ግን 213 ግዙ።

ደረጃ 4፦ ፕለጉን መበየድ

ፒያሳ የማውቀው አንድ ካውያ ያዥ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ እሱም ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ራሴ ነው የምበይደው። እናንተም ትችላላችሁ። አሮጌ ቁራጭ ኬብል ላይ ሁለቴ ተለማመዱ። የሚከተለው ለአርጂ 213 ነው። ለቀጭኑ ኬብል ማጥበቢያ ቀለበት ጨምራችሁ ግዙ።

ካውያው 80 ዋትና ከዚያ በላይ ይሁን። የስልክ ጠጋኞች የሚይዙት ትንሹ ካውያ ፕለጉን አያሞቀውም፤ ስታኞው ከላይ ተንጠባጥቦ ይቀዘቅዛል። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት አስባችሁ ጀምሩ። ግማሽ የተበየደ ፕለግ እንደገና መፈታት አለበት።

1. የፕለጉን ክብ ውጫዊ ቀለበት ኬብሉ ላይ አስቀድማችሁ አስገቡ። ይህን ያልረሳ ሰው አላውቅም። ሁሉም በይዶ ሲጨርስ ቀለበቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ያየዋል።
2. የውጩን ጥቁር ልጣጭ 28 ሚሊ ሜትር ያህል ላጩ። ሹሩባውን አትቁረጡ፤ ቢላውን ገፋ ሳይሆን ዞር አድርጉት።
3. ከጫፉ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ሹሩባውንም ነጩን ፕላስቲክም አንሱና የመሐሉን መዳብ ራቁቱን አውጡት።
4. ሹሩባውን ከነጩ ፕላስቲክ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ መልሱት። አንዲት የሹሩባ ፀጉር መሐሉን ከነካች ሬዲዮው አለቀለት። በመነጽር እዩት።
5. ሹሩባውንና መሐሉን በስሱ ስታኞ አልብሱ። በስሱ ያልኩት፣ ከወፈረ ፕለጉ አልገባም ስለሚል ነው።
6. የፕለጉን አካል እያሽከረከራችሁ ግፉት። ጥርሱ ጥቁሩን ልጣጭ ይነክሳል። በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች ሹሩባው መታየት አለበት፤ ካልታየ አልገባም።
7. ካውያውን ቀዳዳው ላይ አድርጉና ብረቱ ሲሞቅ ስታኞውን አስጠጉ። እንደ ውኃ ፈሶ መግባት አለበት። እንደ ዶቃ ከተንከባለለ አልሞቀም።
8. ሳይነካ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ጫፉ ላይ ያለውን የመሐል ሽቦ በይዱና ትርፉን ቁረጡ።

አሁን ለኩ። ኬብሉን ብቻ፤ አንቴናው ላይ ሳይታሰር። መልቲሜትሩን ሽቦ ሲገናኝ የሚጮኽበት ላይ አድርጉት። ከአንዱ ጫፍ መሐል እስከ ሌላው ጫፍ መሐል መጮኽ አለበት። ከመሐል እስከ ውጩ ብረት መጮኽ የለበትም። አንቴናው ታስሮ ከለካችሁ ግን ጩኸቱ አያስደንግጣችሁ፤ አንዳንድ አንቴናዎች ውስጣቸው የተገናኘ ነው።

ከተሳሳተ፦ ከመሐል ወደ ውጭ ከጮኸ ለመፈልቀቅ አትታገሉ። ቆርጣችሁ ጣሉና በአዲስ ፕለግ ጀምሩ። ያ 1 ሜትር ትርፍ ኬብል ለዚህ ነው።

ደረጃ 5፦ ጠረጴዛው ላይ ሙከራ

ትልቁ ማስጠንቀቂያ ይህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንቴና ሰቅላችሁ አታስተላልፉ። የባሕር ቻናል የውኃ ላይ ነው፤ አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ሰገነት ላይ ቆሞ «ጀልባ አንድ፣ ጀልባ አንድ» ማለት የት እንደሚያደርስ አስቡት። የምትሞክሩት በዳሚ ሎድ ነው።

1. ባለ 12 ቮልት ባትሪ አምጡ። ቀዩ ወደ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ወደ ኔጌቲቭ። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን።
2. ዳሚ ሎዱን ከሬዲዮው ጀርባ እሰሩ። ያለ አንቴና ወይም ያለ ዳሚ ሎድ የማይኩን ቁልፍ በፍጹም አትጫኑ፤ ማስተላለፊያው ሊቃጠል ይችላል።
3. ሁለቱንም ሬዲዮ በኢንተርናሽናል የቻናል አሠራር ላይ አድርጉ። አንዱ በአሜሪካ፣ ሌላው በኢንተርናሽናል ከተቀመጠ አንዳንድ ቻናል ላይ አይገናኙም።
4. ጉልበቱን 1 ዋት አድርጉና በተፈቀደላችሁ ቻናል አጭር ቃል ተናገሩ። ዳሚ ሎድ ቢሆንም እዚያው ክፍል ያለው ሌላኛው ሬዲዮ ይሰማችኋል።
5. አሁን 25 ዋት። ቁልፉን 5 ሰከንድ ተጭናችሁ ከሬዲዮው ጀርባ ቮልቱን ለኩ። ካልተጫነበት ጊዜ ከግማሽ ቮልት በላይ ከወረደ ሽቦው ቀጭን ነው ወይም ግንኙነቱ ላልቷል። ባትሪውም የደከመ ሊሆን ይችላል።
6. ኤምኤምኤስአይውን በመጨረሻ አስገቡ፤ አንድ ሰው እያነበበ፣ አንድ ሰው እየነካ። አብዛኛው ሬዲዮ የሚያስገባው አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ነው፤ ከዚያ ይቆለፋል። ቁጥሩ ገና ካልደረሳችሁ ባዶውን ተዉት። የልጃችሁን ስልክ ቁጥር አትሙሉበት! ሬዲዮው ያለ ቁጥሩም በድምፅ ይሠራል።

ደረጃ 6፦ ጀልባው ላይ

መጀመሪያ ባትሪውን እዩ። ሞተሯ በገመድ የምትነሳ ጀልባ ባትሪ ላይኖራት ይችላል። ሬዲዮው ሲያዳምጥ እስከ ግማሽ አምፔር ይወስዳል፤ በ25 ዋት ሲያስተላልፍ 5 ወይም 6። 10 ሰዓት ማዳመጥና 15 ደቂቃ ማውራት በድምሩ ከ6 እስከ 7 አምፔር አወር ነው። ባትሪን ከግማሽ በታች ማውረድ ስለሚጎዳው ከ18 አምፔር አወር ያነሰ አትያዙ።

1. ሬዲዮውን ሳታስሩ በእጃችሁ ይዛችሁ ቦታ ምረጡ። ነጂው መሪውን ሳይለቅ ማይኩን ማንሳት ይቻለው። ውኃ በቀጥታ አይምታው።
2. ኮምፓስ ካለ 1 ሜትር ራቁ። በሬዲዮው ድምፅ ማጉያ ውስጥ ማግኔት አለ።
3. ከመብሳታችሁ በፊት ከግድግዳው ጀርባ ምን እንዳለ በእጃችሁ ዳስሱ። የነዳጅ ቱቦ በትራፓኖ የበሳ ሰው አይቻለሁ።
4. የኃይል ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪው አምጡ፤ ከመብራት ወይም ከፓምፕ መስመር አትቀጥሉ። ባትሪው 5 ሜትር ቢርቅ፣ መሄጃና መመለሻው 10 ሜትር ነው። በ2.5 ሽቦ በ6 አምፔር የሚጠፋው 0.4 ቮልት ነው። በ1 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሠራችሁት 1 ቮልት ይጠፋል፤ ሬዲዮው ቁልፉ ሲጫን ማንቀላፋት ይጀምራል።
5. አንቴናውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ከጀልባዋ ሰው ሁሉ በላይ አቁሙ። የሰው ራስ ከ1 ሜትር በላይ ይራቀው። ያዘነበለ አንቴና እዩኝ እዩኝ ቢልም ሩቅ አይሰማም።
6. ኬብሉን ስብር አድርጋችሁ አትጠፉት። ወደ ሬዲዮው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ አድርጉት፤ ውኃው እዚያ ይንጠባጠባል።
7. የውጩን መገጣጠሚያ ራሱን በራሱ በሚይዝ የጎማ ቴፕ ጠቅልሉ፤ ከላዩ ናስትሮ። ናስትሮ ብቻውን ፀሐይ ላይ በወሩ ይላላል።
8. ኤስ ደብልዩ አር ሜትሩን በሬዲዮውና በኬብሉ መሐል አስገቡና በ1 ዋት ለኩ። እስከ 1.5 ድንቅ ነው። እስከ 2 ይሠራል። 3 ከሆነ አቁሙ፤ ወደ ፕለጎቹ ተመለሱ።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ጥሪ

ስኩዌልች የሚለውን ማዞሪያ፣ ማለትም ባዶ ቻናል ላይ ያለውን ጩኸት የሚዘጋውን፣ ጩኸቱ እስኪመጣ ወደ ዝቅታ አዙሩ፤ ከዚያ ጩኸቱ እስኪጠፋ ብቻ መልሱ። ከዚያ በላይ ካጠበቃችሁት ሩቅ ያለውን ጀልባ ራሳችሁ ዘግታችሁታል።

ቻናሉ ባዶ መሆኑን አዳምጡ። ቁልፉን ተጫኑ፣ አንድ ሰከንድ ቆዩ፣ ማይኩን ከአፋችሁ 5 ሴንቲ ሜትር አርቁና በረጋ ድምፅ ተናገሩ። የምትጠሩትን ስም ሁለቴ፣ የራሳችሁን ስም ሁለቴ፣ ከዚያ «ኦቨር» (ጨርሻለሁ፣ መልስ)። ቁልፉን ልቀቁ። መልቀቅ እንደ መጫን ያህል አስፈላጊ ነው፤ እንደ ስልክ ሁለት ሰው ባንዴ አያወራም።

የእኛ ሰላምታ ለሬዲዮ አይሆንም። እንዴት አደርክ፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን እስኪባል ቻናሉ ተይዟል። ሰላምታውን የብስ ላይ ጨርሱት።

ደረጃ 8፦ የጭንቅ ጥሪ

ይህን በወፍራም እስክሪብቶ ጽፋችሁ ከሬዲዮው አጠገብ ለጥፉ። ሰው ሲደነግጥ የራሱን ስም ይረሳል።

1. ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ።
2. የጀልባዋ ስም ሦስት ጊዜ፣ የጥሪ ስም።
3. ያለንበት ቦታ። ጂፒኤስ ካለ ቁጥሩን፣ ከሌለ፣ ዝዋይ ላይ ለምሳሌ፣ «ከቱሉ ጉዶ ደሴት በስተምሥራቅ 2 ኪሎ ሜትር» ያለ ግልጽ ቦታ።
4. ምን ሆንን፤ ውኃ እየገባ ነው፣ እሳት ነው፣ ሰው ወድቋል።
5. ምን እንፈልጋለን፣ ስንት ሰው ነን። ኦቨር።

ሕይወት አደጋ ላይ ሳይሆን ሞተር ብቻ ቆሞ ከሆነ ሜይዴይ አይባልም፤ «ፓን ፓን» ሦስት ጊዜ ነው። ባሕር ላይ ይህ በቻናል 16 ነው የሚነገረው። ሐይቃችሁ ላይ በ16ም ሆነ በሥራ ቻናላችሁ፣ የየብሱ ሰው በሚያዳምጥበት ተናገሩ።

ዲኤስሲ ያለው ሬዲዮ በክዳን የተሸፈነ ቀይ ቁልፍ አለው። ክዳኑን ከፍቶ ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መቆየት ነው። መልእክቱ በቻናል 70 ይወጣል፤ ስለዚህ 70 ላይ በድምፅ አይወራም። ልጅ ነካክቶት ከሄደ ዝም አትበሉ። ሬዲዮውን ወዲያው አጥፍታችሁ አብሩት፣ 16 ላይ ግቡ፣ ጥሪው በስህተት እንደወጣ ለሁሉም ተናገሩ።

ችግር ሲገጥም

ይበራል፣ ቁልፉ ሲጫን ይጠፋል። ቮልት ነው። የባትሪውን ማሰሪያ ፈታችሁ በአሸዋ ወረቀት ፍቁ፤ ከዚያ ፊውዝ ቤቱን እዩ። የዛገ ፊውዝ ቤት ብዙ ጊዜ ደህና መስሎ ነው የሚታየው።

ሁለቱ ሬዲዮ ጎን ለጎን ሆነው አይደማመጡም። ቻናሉ ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ሳይሆን አይቀርም። ቻናል 24 ላይ ለምሳሌ የጀልባ ሬዲዮ በ157.200 ያወራል፣ በ161.800 ይሰማል። ሁለቱም በአንዱ አውርተው በሌላው ሲያዳምጡ መቼም አይገናኙም። 6፣ 8፣ 72 እና 77 ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲ ናቸው። የተፈቀደላችሁ የትኛው እንደሆነ ወረቀታችሁን እዩ።

ቅርብ ይሰማል፣ ሩቅ አይሰማም። መጀመሪያ 1 ዋት ላይ ተረስቶ እንደሆነ ተመልከቱ። ካልሆነ ከአንቴናው በኩል ያለውን ፕለግ ፈቱት። ሹሩባው ጠቁሮ ከሆነ ውኃ ገብቷል። ጥቁሩ እስኪጠፋ፣ መዳቡ ቀይ እስኪሆን ድረስ ወደ ኋላ ቁረጡና እንደገና በይዱ።

ሞተሩ ሲነሳ ይንጫጫል። አንድ በአንድ አጥፉ፤ የስልክ ቻርጀሩን ቀድማችሁ ንቀሉ። ርካሽ የዩኤስቢ ቻርጀርና የኤልኢዲ አምፖል ብዙ ጊዜ ጥፋተኞች ናቸው። እነሱ ካልሆኑ የሬዲዮውን ሽቦ ከሞተሩ ሽቦ አርቁ።

ማንም አይመልስም፣ ሬዲዮው ግን «ማስተላለፍ ላይ» የሚለውን ምልክት እንዳበራ ቀርቷል። ማይኩን ፈልጉ። ወንበር ሥር ወድቆ የሆነ ሰው ተቀምጦበት ይሆናል። እንዲህ የተያዘ ቁልፍ የእናንተን ብቻ ሳይሆን የዚያን ቻናል ሰው ሁሉ ይዘጋል፤ የጀልባዋም ወሬ በሙሉ የብስ ላይ ይሰማል። አንስታችሁ ማንጠልጠያው ላይ ስቀሉት፤ ማንጠልጠያው ከሌለ ዛሬውኑ በሁለት ብሎን እሰሩለት።